ሴንት ሄሌና የአንድ እስረኛ ደሴት አይደለችም
በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ ስለምትገኘው የብሪታንያ ደሴት ስለ ሴንት ሄሌና በአማርኛ የተጻፈ ነገር ማግኘት ብርቅ ስለሆነ፣ ሰሞኑን እጄ የገባውን አንድ ጽሑፍ በጉጉት ነበር ያነበብሁት። ሳበቃ ጉጉቴ ወደ ቁጭት ተለወጠ። የጸሐፊው ቋንቋ ያማረ ነው፤ ችግሩ የሚነግረን ነገር ነው። እንደ እርሱ አባባል ሴንት ሄሌና ከአፍሪካ ተገንጥላ የቀረች፣ እሳተ ገሞራዋ መቼ እንደሚነሣ የማይታወቅ፣ ቅጠል የማይበቅልባት ድንጋይ ናት። እንግሊዞች አገኟት፤ ናፖሊዮን ተግዞ መጣባት፣ ተመርዞ ሞተ፣ አስከሬኑም እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ከዚያ በኋላ ታሪክ የላትም። የዛሬ ነዋሪዎቿም አውሮፕላን አርፎበት በማያውቅ የአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ተቀምጠው የብሪታንያን እርዳታ የሚጠብቁ ተረጂዎች ናቸው። በመካከሉ ስለ ባሪያ ንግድ አንድ አንቀጽ አለ፤ እርሱም ብሪታንያን ለማመስገን የገባ ነው።

ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም። አንድ ተማሪ ስለዚህች ደሴት በአማርኛ ቢፈልግ የሚያገኘው ይህንኑ ነውና። ከዝርዝር ስሕተቶቹ ሥር ደግሞ የሚበልጥ ስሕተት አለ፦ የአንዲትን ደሴት የአምስት መቶ ዓመት ታሪክ፣ ስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ በታሰረባት አንድ ንጉሠ ነገሥት መለካት፤ እንደ እርሱ ሳይወዱ በግድ የመጡባትን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ግን እንዳልነበሩ መቁጠር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደሴቲቱን ያገኟት እንግሊዞች አይደሉም። በ1502 ከሕንድ ሲመለስ የነበረው፣ ፖርቱጋልን ያገለግል የነበረው የባሕር ኃይል አዛዥ ዡዋው ዳ ኖቫ ነው ያገኛት። ስሟን የሰጣትም እርሱ ነው፤ የተሰየመችውም መስቀሉን ከተቀበረበት አስቆፍራ ባወጣችው፣ እኛ በየዓመቱ ደመራ ስንደምር በምናስባት በንግሥት እሌኒ ነው። ቀኑ ብዙ ጊዜ ግንቦት 21 ተብሎ ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ በካቶሊኮች ዘንድ የእሌኒ በዓል የሚውለው በነሐሴ ስለሆነ፣ ዳ ኖቫ የደረሰው ካቶሊኮች የመስቀሉን መገኘት በሚያከብሩበት ግንቦት 3 ቀን ነው ብለው የሚከራከሩ የታሪክ ሰዎች አሉ። እኔም ይህኛው ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ደሴቲቱን የያዘው በ1659 ነው፤ ዳ ኖቫ ካያት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

«ከአፍሪካ ተገንጥላ የቀረች» የሚለው የባሰ ነው። እንዲህ የሚባልላቸው ደሴቶች አሉ፤ ማዳጋስካር አንዷ ናት፣ የሲሸልስ የግራናይት ደሴቶችም እንዲሁ የአህጉር ቁራጭ ናቸው። ሴንት ሄሌና ግን የየትኛውም አህጉር አካል ሆና አታውቅም። ከአንጎላና ከናሚቢያ ድንበር አካባቢ ወደ ምዕራብ 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ በ16ኛው ዲግሪ ግድም ትገኛለች። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚጠልቅ የውቅያኖስ ወለል እየተገነባ የወጣ ግዙፍ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፤ ከውሃ በላይ የምናየው ጫፉን ብቻ ነው። ይህ ጫፍ 122 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ከፍተኛው ቦታ፣ የዳያና ጫፍ የሚባለው፣ ከባሕር ወለል በላይ 820 ሜትር ያህል ነው።

ተራራው የተሠራው በሁለት እሳተ ገሞራዎች ነው። መጀመሪያ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለው የዛሬ 14 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መፍሰስ ጀመረ፤ ኋላ በደቡብ ምዕራብ የተነሣው በላዩ ላይ ደረበበት። የመጨረሻው እሳት የበረደው የዛሬ 7 ሚሊዮን ዓመት ግድም ነው። ሰው ሳይኖር፣ ዛሬ ያሉት እንስሳት ብዙዎቹ ሳይኖሩ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የሠራው ነፋስና ዝናብ፣ ከሥር ደግሞ ማዕበሉ ነው። ሳንዲ ቤይ በሚባለው የደቡብ ሸለቆ የሚቆም ሰው የአሮጌውን እሳተ ገሞራ ሆድ ዕቃ ተከፍቶ ያያል፦ ቀይና ሐምራዊ የአመድ ንጣፍ፣ በመካከሉ ሰንጥቀው የወጡ ጥቁር የድንጋይ ግድግዳዎች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀጥ ብለው የቆሙ ሁለት ዓምዶች፤ አንዱ «ሎጥ»፣ ሌላው «የሎጥ ሚስት» ይባላሉ። እነዚህ ዓምዶች ቅልጥ ዐለት በጉሮሮው ውስጥ ሳለ ረግቶ የጠጠረባቸው ቦታዎች ናቸው፤ በዙሪያቸው የነበረው ለስላሳ ድንጋይ ታጥቦ ሲሄድ እነርሱ ቀሩ። የአድዋን ተራሮች ያየ ኢትዮጵያዊ ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፤ እነዚያም ሾጣጣ ተራሮች በዚሁ መንገድ፣ በዚሁ ዓይነት ዐለት የተሠሩ ናቸው።

«መቼ እንደሚነሣ አይታወቅም» የሚለው ማስፈራሪያስ ከየት መጣ? እንደምገምተው ጸሐፊው ትሪስታን ዳ ኩኛን ከሴንት ሄሌና ጋር አደባልቋታል። ሁለቱ በአንድ የብሪታንያ ግዛት ሥር ይተዳደራሉ፤ የትሪስታን ሕዝብም በ1961 እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ነበር። ነገር ግን ትሪስታን ከሴንት ሄሌና ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ የምትገኝ ሌላ ደሴት ናት። የአንዷን አደጋ በሌላዋ ላይ መጫን ተገቢ አይደለም።

አሁን ወደ «ቅጠል የማይበቅልባት» እንምጣ። በመርከብ የቀረበ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ባዶ ገደል መሆኑ እውነት ነው፤ ጸሐፊውም ያየው ፎቶግራፍ ከባሕር የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። ደሴቲቱ ግን እንዲህ ሆና አልተፈጠረችም። ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ፍየል ለቀቁባት። የሚበላቸው አውሬ የለም፣ አጥር የለም፤ ፍየሎቹ ረቡ፣ ቡቃያውን ከሥሩ ነጩት። ቀጥሎ ሰፋሪዎች ለማገዶና ለቆዳ ማልፊያ ዛፉን ቆረጡ፣ ላጡ። በሎንግውድ ሜዳ ላይ «ታላቁ ጫካ» ይባል የነበረው ደን በ18ኛው መቶ ዘመን ጠፍቶ አለቀ። ገደሉን ያራቆተው ሰው ራሱ ያመጣው እንስሳና ምሳር እንጂ የዐለቱ ተፈጥሮ አይደለም።

ከፍ ወዳለው መካከለኛ ቦታ የወጣ ደግሞ ሌላ አገር ያገኛል። ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው የማያቋርጥ ነፋስ ደመናውን እየገፋ ጫፉ ላይ ያሳርፈዋል፤ ታች በጄምስታውን ከተማ ዝናብ ብርቅ ሲሆን ላይ ግን ምድሩ ርጥብ ነው። ዛፍ የሚያህሉ ፈርኖች፣ ሽበት የበቀለባቸው የሚመስሉ ቅርንጫፎች፣ በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ ዕፅዋትና ነፍሳት እዚያ አሉ። የደሴቲቱ ድንክ ዞጲ ከመቶ ዓመት በላይ ጠፋ ተብሎ ኖሮ፣ በ1980 ጆርጅ ቤንጃሚን የተባለ የደሴቲቱ ተወላጅ ከአንድ የዕፅዋት ተመራማሪ ጋር ሆኖ በገደል ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ቁጥቋጦዎች አገኘ። ከእነዚያ ሁለት ቁጥቋጦዎች በተወሰደ ቅርንጫፍ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ተተክለዋል። ሁሉም እንዲህ አልተረፈም፤ የደሴቲቱ የወይራ ዛፍ የመጨረሻው በ2003 ሞተ፣ ዘሩም ከምድር ጠፋ። ሰዎች ገደል ወርደው ዘር የሚያድኑባትን ምድር «ቅጠል የማይበቅልባት» ማለት ድካማቸውን መናቅ ነው።

ስለ ናፖሊዮን የተጻፉትን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው፤ ብዙ ተጽፎባቸዋልና። ናፖሊዮን የደረሰው በጥቅምት 1815፣ የሞተው ግንቦት 5 ቀን 1821 ነው። አስከሬኑ እዚያ የለም። በ1840 ፈረንሳዮች መጥተው አወጡት፣ ዛሬ ያለው ፓሪስ ነው። በደሴቲቱ የቀረው ባዶ መቃብር ስም አልተጻፈበትም፤ «ናፖሊዮን» ይባል ወይስ «ናፖሊዮን ቦናፓርት» በሚል ፈረንሳዮቹና የእንግሊዙ ገዥ ሃድሰን ሎው ሳይስማሙ ቀርተው ድንጋዩ ባዶውን ተቀመጠ። «ተመርዞ» ለሚለው፣ አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞች ጨጓራው ክፉኛ ታሞ አግኝተውታል፤ አባቱም የሞተው በጨጓራ ሕመም ነው። በፀጉሩ ላይ አርሴኒክ መገኘቱ ይነሣል፤ ነገር ግን ከልጅነቱ በተቀመጠው ፀጉር ላይም ያው አርሴኒክ ተገኝቷል። ጆናታን የሚባለውን ዕድሜ ጠገብ ኤሊ ናፖሊዮን ያውቀው ነበር የሚለውም ተረት ነው፤ ጆናታን ከሲሸልስ የመጣው በ1882 ነው። የደሴቲቱንም ቡና ናፖሊዮን አላመጣውም። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1733 ከየመን፣ ከሞካ ወደብ አስመጥቶ ነው ያስተከለው፤ የየመን ቡና ደግሞ ዘሩ ከእኛ ጫካ የሄደ መሆኑን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እኔን ያስቆጣኝ «ናፖሊዮን የደሴቲቱ ብቸኛ እስረኛ ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው። ናፖሊዮን በሕይወት ሳለ፣ በ1817፣ በደሴቲቱ ላይ ቆጠራ ተደርጓል። 821 ነጭ ነዋሪዎች፣ 820 ወታደሮች፣ በኮንትራት የመጡ 618 ቻይናውያን፣ 500 ነጻ ጥቁሮች፣ 1,540 ባሮች። ከሁሉ የሚበዛው ቁጥር የትኛው እንደሆነ ይታይ። እነዚህ ባሮች ወይም ወላጆቻቸው ከማዳጋስካር፣ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከሕንድና ከማላይ አገሮች በኩባንያው መርከብ የተጋዙ ናቸው።

ናፖሊዮን መጀመሪያ ባረፈበት፣ ዘ ብራየርስ በሚባለው ቤት ቶቢ የሚባል ሽማግሌ አትክልተኛ ነበረ። ከማላይ አገር በመርከብ ሰዎች ተታልሎ ተወስዶ የተሸጠ ነው። ናፖሊዮን ከአትክልቱ ቦታ ሲንሸራሸር በአስተርጓሚ ያነጋግረው ነበር፤ ታሪኩን ከሰማ በኋላም ገዝቶ ነጻ ሊያወጣው፣ ወደ አገሩም ሊያሳፍረው ጠየቀ። ባለሥልጣናቱ እምቢ አሉ። ይህን ለትውልድ የተወችልን የቤቱ ባለቤት ልጅ ቤትሲ ባልኮም ናት። ሁለት እስረኞች በአንድ አትክልት ቦታ ተገናኙ፤ ጸሐፊው ያየው አንዱን ብቻ ነው። የሚገርመው፣ ጽሑፉ በጨካኝ ጠባቂነቱ ብቻ የሚያውቀው ሃድሰን ሎው ከ1818 የገና ቀን በኋላ የሚወለዱ የባሮች ልጆች ሁሉ ነጻ እንዲሆኑ ያስወሰነ ገዥ መሆኑ ነው። የናፖሊዮን ወዳጆች የጻፉትን ብቻ ያነበበ ሰው ይህን አያገኘውም።

ደሴቲቱን ለእንግሊዝ ያስመለሰውም ባሪያ ነው። ሆላንዶች በ1673 መጀመሪያ ነጥቀዋት ነበር። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ መርከቦች ሲመለሱ፣ ወታደሮቹን በምሥራቅ በኩል ባለው ገደል እየመራ ያወጣቸው መንገዱን የሚያውቅ ኦሊቨር የሚባል ጥቁር ሰው ነበር፤ ስለ ውለታውም ነጻነቱን አገኘ። «እንግሊዞች ያዟት» ሲባል ኦሊቨርም ይጠቀስ።

ብሪታንያ ስለምትመሰገንበት አንቀጽ ትንሽ ልቆይ። የብሪታንያ የጦር መርከቦች ከ1840 ጀምሮ በአትላንቲክ ላይ የባሪያ መርከቦችን እየያዙ ወደ ሴንት ሄሌና ማምጣታቸው እውነት ነው። እስከ 1870ዎቹ መጀመሪያ ድረስ 25,000 ያህል አፍሪካውያን በዚህ መንገድ ወርደውባታል። ጽሑፉ «ነጻ ወጡ» ብሎ እዚህ ላይ ነጥብ ያኖራል። ታሪኩ ግን እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። የወረዱት ሩፐርት በሚባለው ጠባብና ደረቅ ሸለቆ ነው። ጥላ የለም፤ ድንኳንና ዳስ ነበር መጠለያቸው። ሳምንታት በመርከብ ሆድ ተጠቅጥቀው የመጡት ሰዎች በፈንጣጣና በደም ተቅማጥ ረገፉ። 8,000 ያህሉ እዚያው ተቀበሩ። የተረፉት አብዛኞቹ ወደ ትውልድ ቀያቸው አልተመለሱም፤ ወደ ጃማይካ፣ ወደ ትሪኒዳድ፣ ወደ ብሪቲሽ ጊያናና በደቡብ አፍሪካ ወዳለው ኬፕ ተጭነው ለኮንትራት ሥራ ሄዱ። በደሴቲቱ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ናቸው።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው መንገድ በሩፐርት ሸለቆ በኩል ሊያልፍ ሲል፣ በ2008 የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ቆፈሩ። የ325 ሰዎች አፅም ወጣ። ብዙዎቹ ሕፃናትና ወጣቶች ናቸው። አንዳንዱ ጉድጓድ ብዙ ሰው የተደራረበበት ነው። አንገታቸው ላይ ዶቃ፣ ክንዳቸው ላይ አምባር ያልወለቀላቸው ነበሩ፤ በባሪያ መርከብ ተገፈው፣ ተላጭተው ሳለ ያንን ዶቃ እንዴት እንዳቆዩት ማሰብ ይከብዳል። ጥርሳቸው በአገራቸው ባህል የተሞረደም ነበረ። አፅሙ ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ በጄምስታውን አንድ መጋዘን ውስጥ በሳጥን ተቀምጦ ቆየ፤ የደሴቲቱ ሰዎች ሲጠይቁ፣ ሲወተውቱ ቆይተው በ2022 በሥርዓት ተቀበረ። የናፖሊዮንን ባዶ መቃብር የፈረንሳይ መንግሥት ከ1858 ጀምሮ ገዝቶ ያስጠብቀዋል። ይህን ሁሉ ትቶ ስለ ብሪታንያ ቸርነት አንድ አንቀጽ መጻፍ እንዴት ይቻላል?

«ከናፖሊዮን በኋላ ታሪክ የላትም» ለሚለው ብዙ ማለት አያስፈልግም። የዙሉው መሪ ዲኑዙሉ ከ1890 እስከ 1897 ተግዞባታል። በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ጊዜ ወደ 6,000 የሚጠጉ የቦር ምርኮኞች ሰፍረውባታል። የዛንዚባሩ ኻሊድ ቢን ባርጋሽ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሦስት የባሕሬን ተቃዋሚዎች ታስረውባታል። ራስ እምሩን በፖንዛ ደሴት፣ ብዙ ወገኖቻችንን በአሲናራ ያሳሰረብንን የጣሊያን ዘመን የምናውቅ ሰዎች፣ ደሴት ለቅኝ ገዥ ምን እንደምትጠቅም ልናጣው አይገባም።

ተረጂነትን በተመለከተ፣ ይህ ሕዝብ ሠርቶ የሚበላበት ሁለት ጊዜ ከእጁ ተነጥቋል። የመጀመሪያው የመርከብ ንግድ ነው። ከምሥራቅ የሚመጣ ብዙ መርከብ ውሃና ሥጋ የሚጭነው ከጄምስታውን ነበር፤ በ1855 ወደ 1,100 መርከቦች ጎብኝተዋታል። በ1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ፣ የእንፋሎት መርከብም በዛ፤ በ1889 የመጡት 288 ናቸው። ሁለተኛው ቃጫ ነው። ከኒውዚላንድ በመጣ ተክል ኮረብታውን ሁሉ ሸፍነው፣ ከ1907 ጀምሮ ፋብሪካ ተክለው ሲባጎና ገመድ እየሠሩ ይሸጡ ነበር፤ ትልቁ ገዢያቸው የብሪታንያ ፖስታ ቤት ነው። ፖስታ ቤቱ ወደ ሰው ሠራሽ ክር ሲዞር ነገሩ ሁሉ በ1966 ተዘጋ። በአንድ የለንደን መሥሪያ ቤት የዕቃ ግዢ ውሳኔ የአንድ ደሴት ሥራ ቆመ። ሥራ ፍለጋ እንዳይሄዱ ደግሞ በ1981 የወጣው የብሪታንያ የዜግነት ሕግ ወደ ብሪታንያ ገብቶ የመኖር መብታቸውን ነጠቃቸው፤ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ በ1673 በቻርተር የሰጣቸውን የእንግሊዝ ዜጋ መብት እየጠቀሱ ሃያ ዓመት ያህል ተከራክረው በ2002 ነው ያስመለሱት። እንዲህ ያለውን ሕዝብ እጁን አጣጥፎ እርዳታ የሚጠብቅ አድርጎ ማቅረብ ግፍ ነው።

የመጨረሻው የአውሮፕላን ማረፊያው ጉዳይ ነው። 285 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቶበት በ2016 ሊከፈት ሲል፣ በማረፊያው ጫፍ ድንገት ፍጥነቱንና አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ነፋስ ስላስቸገረ ዘገየ፤ የዓለም ጋዜጦችም «ከንቱው አውሮፕላን ማረፊያ» እያሉ ተሳለቁበት። ጽሑፉ ከዚያ ወዲህ የሆነውን አልተከታተለም። ከጥቅምት 2017 ጀምሮ ከጆሃንስበርግ መደበኛ በረራ አለ፤ አነስ ያለ ጄት ነው፣ ነፋሱን በሚያውቁ አብራሪዎች ያርፋል። ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚያደርሰው አንድ መርከብ ነበር፤ በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ይመጣል፣ እስከ ኬፕታውን አምስት ቀን ይፈጃል። ደሴቲቱ ላይ የማይታከም ድንገተኛ ሕመም የያዘው ሰው መርከቡ የሄደ ማግሥት ቢታመም ምን ይጠብቀው እንደነበር መገመት ቀላል ነው። አሁን ሕመምተኛ በሰዓታት ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ሆስፒታል ይደርሳል። ገንዘቡ በዛ፣ የነፋሱ ጥናት ቀድሞ በደንብ መደረግ ነበረበት የሚል ትችት ካለ እኔም እስማማበታለሁ። «አውሮፕላን አርፎበት አያውቅም» የሚለው ግን ሐሰት ነው፣ መታረምም አለበት።